ስለ ቶስካና ፀሐይና ባዶ ነው ስለ ተባለው ቤት

ኀዘን የደረሰበት ሰው አየር ቢለውጥ ይሻለዋል የሚለው ምክር በየአገሩ ያለ ነው። ከዘመድ ቤት የሚሰነብት አለ፤ ጠበል የሚወርድ አለ፤ ገዳም የሚሳለም አለ። ከዚህ ምክር ጋር ጠብ የለንም። ጠባችን ምክሩን ወስዶ የቤት ሽያጭ ማስታወቂያ ካደረገው ሲኒማ ጋር ነው። ይኸውም ኦድሪ ዌልስ የተባሉት አሜሪካዊት ጽፈው ያዘጋጁት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. የወጣው፣ «ከቶስካና ፀሐይ በታች» የተባለው ፊልም ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ከሃያ ዓመት በላይ የሆነውን ፊልም ዛሬ ምን አነሣው የሚለን ሰው አይጠፋም። ያነሣንበት ምክንያት እንደሚከተለው ነው። በዘንድሮው የፋሲካ ማግስት ከመሥሪያ ቤታችን ባልደረቦች በአንዱ ቤት ተሰብስበን ነበር። ምሳ ተበልቶ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ የባለቤቶቹ ልጅ ይህን ፊልም ከፈተችልን። ከመካከላችን አንዲት ወይዘሮ ነበረች፤ የብዙ ዘመን የሥራ ጓደኛችን ስለ ሆነች ስሟን አናነሣም። ከባሏ ከተለያየች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። የጋራ ቤታቸው ተሸጦ ድርሻዋን ተቀብላ በባንክ አስቀምጣለች። ፊልሙ ሲያልቅ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ «እንግዲህ እኔም ድርሻዬን ይዤ እንዲህ ወዳለ አገር መሄድ ነው እንጂ ምን እጠብቃለሁ?» አለች። የቀሩት አጨበጨቡላት። እኛ ዝም አልን። ዝምታችን የደስታ አለመሆኑ ገብቷት ምክንያቱን ጠየቀችን፤ በዚያ ቀን የሰጠናት መልስ የተንተባተበ ስለ ነበረ እነሆ ዛሬ በጽሑፍ እንመልሳለን።

ፊልሙን ላላዩ አንባብያን ታሪኩን ባጭሩ እንናገር። ፍራንሲስ የምትባል የሳን ፍራንሲስኮ ደራሲት ባሏ ሌላ ሴት ወድዶባት ይፋታሉ። ቤቱን ባልዮው ይፈልገዋልና እርሷ ድርሻዋን በገንዘብ ተቀብላ ትወጣለች። ወዳጇ ኀዘኗን አይታ ወደ ኢጣልያ የሚያደርስ የጉብኝት ትኬት ትሰጣታለች። በቶስካና ኮረብታ ላይ በተሠራችው በኮርቶና ከተማ ስትዘዋወር «ብራማሶሌ» የሚባል አሮጌ ቪላ እንደሚሸጥ የሚናገር ማስታወቂያ ታያለች። ወደ አውቶቡሱ ተመልሳ ከከተማው ወጣ እንዳሉ የበግ መንጋ መንገዱን ያቋርጣል፤ አውቶቡሱም ይቆማል፤ የቆመው በዚያው ቪላ ደጃፍ ነው። ትወርዳለች። ሌሎች ገዢዎችም ቀርበው ባለቤቲቱ ኮንቴሳ ዋጋውን ከፍ ሲያደርጉባት አንዲት ርግብ በፍራንሲስ ራስ ላይ ትጥልባታለች፤ ኮንቴሳዋም ይህስ ከእግዚአብሔር የመጣ ምልክት ነው ብለው ቤቱን ለእርሷ ይለቃሉ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ይታደሳል፤ ምግብ ይበስላል፤ ማርቼሎ የሚባል መልከ መልካም ጎልማሳ ይመጣል፣ ይሄዳል (ስለ እርሱ ብዙ የሚባል የለም)፤ በመጨረሻም በግቢው ሠርግ ይደገሳል።

ፊልሙ በአሠራሩ ደካማ ነው አንልም። ዋናዋ ተዋናይት ዳያን ሌን ሳቅንና ልቅሶን በአንድ ፊት ላይ ማዋል የሚችሉ ሴት ናቸው፤ እኛም በመጀመሪያው ሰዓት ዓይናችን እርጥብ እንደ ነበረ አንክድም። በኮርቶና አደባባይ የምትታየው ፏፏቴ ለፊልሙ ተብላ የተሠራች ብትሆን፣ የታየውም ቤት ስሙን ያዋሰው እውነተኛው ብራማሶሌ ባይሆን በዚህ አንቀየምም፤ ሲኒማ የሚኖረው በእንዲህ ያለ ዘዴ ነው። አንድ ነገር ግን ሳንናገር ማለፍ አልሆነልንም። በየቀኑ በግድግዳው ላይ ወዳለችው የማርያም ሥዕል አበባ ይዘው የሚመጡ አንድ ሽማግሌ አሉ። እኒህ ሽማግሌ ማርዮ ሞኒቼሊ ናቸው፤ በ1959 «ታላቁ ጦርነት» በተባለው ፊልማቸው በቬኒስ የወርቅ አንበሳ ሽልማት የተቀበሉ፣ የኢጣልያን ድኻ፣ ሌባ፣ ወታደርና ሥራ ፈት ዕድሜ ልካቸውን በሲኒማ ሲያናግሩ የኖሩ ታላቅ አዘጋጅ። እኒህን ሰው አምጥቶ አበባ አስይዞ ዝም ማሰኘት! ስለዚያ አገር ሊነግረን የሚችለው ሰው በፊልሙ ውስጥ እያለ የሚናገረው የቤት ደላላው ነው።

ደላላው ማርቲኒ ደግ ሰው መሆኑን እንመሰክራለን። ፍራንሲስ «ቤት ገዛሁ፤ ሰው ግን የለኝም» ብላ ስታለቅስ የሚያጽናናት እርሱ ነው። የሚያጽናናትም በባቡር ሐዲድ ታሪክ ነው፤ በአልፕስ ተራራ ላይ ዜመሪንግ በተባለው ገደላ ገደል የሚወጣ ባቡር ገና ሳይኖር፣ አንድ ቀን ይመጣል ብለው ሐዲዱን ዘረጉ ይላታል። ይህ የፊልሙ እምብርት ነው። ብዙ ተመልካች ከፊልሙ ሌላው ሁሉ ቢጠፋበት ይህችን ታሪክ አይረሳም፤ ባልደረባችንም በቃሏ ይዛዋለች።

ታሪኩ በከፊል እውነት ነው። ዜመሪንግ በኦስትርያ ውስጥ ከቪየና ወደ ትሪየስት በሚወስደው መሥመር ላይ ይገኛል፤ ሐዲዱም በካርል ፎን ጌጋ መሐንዲስነት ከ1848 እስከ 1854 ተሠራ። ሥራው ሲጀመር ያን ዳገት የሚችል ባቡር በእርግጥ አልነበረም፤ ለዚሁ የሚስማማ መኪና ለማግኘት በ1851 ውድድር ተደርጓል። ዳሩ ግን ማርቲኒ የተዋት አንዲት ነገር አለች። ያን 41 ኪሎ ሜትር ሐዲድ፣ እነዚያን 14 የተራራ ውስጥ መተላለፊያዎችና 16 ታላላቅ ድልድዮች የሠሩት እስከ 20 ሺሕ የሚደርሱ የቀን ሠራተኞች ነበሩ፤ በተስቦና በኮሌራ ከመካከላቸው በብዙ መቶ የሚቈጠሩ እዚያው ቀርተዋል። በደላላው አፍ ሐዲዱ በተስፋ ተሠራ። በእውነቱ ግን የተሠራው በድጅኖና በአካፋ ነው። ሐዲዱን ተስፋ ሠራው ብሎ መናገር የሚቀለው፣ ሐዲዱን ሳይሆን ቤት ለሚሸጥ ሰው ነው።

ይኸው ጠባይ በፊልሙ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ይታያል። ሥራው አለ፤ ሠራተኛው ግን እንደ ጌጥ ያልፋል። ብራማሶሌን ያደሱት ከፖላንድ የመጡ ሠራተኞች ናቸው። ግድግዳ ይጥላሉ፣ ልስን ይለስናሉ፣ ፍራንሲስ ያበሰለችውን ይበላሉ። ከእነርሱ አንዱ ወጣቱ ፓቬል የጎረቤቱን ልጅ ኪያራን ይወድዳል፤ ቤተ ሰቧ ዘመድ የሌለው መጻተኛ ነው ብሎ ሲከለክለው ፍራንሲስ ቆማ ትማልድለታለች። መልካም። ነገር ግን ፓቬል በቀን ስንት ይከፈለው ነበር? የት ያድር ነበር? የመኖሪያ ፈቃድ ነበረውን? ፊልሙ ሲወጣ ፖላንድ ገና የአውሮፓ ኅብረት አባል አልነበረችም፤ የገባችው በ2004 ነው። ፊልሙ ከወጣ በሦስተኛው ዓመት፣ በሐምሌ 2006፣ የኢጣልያና የፖላንድ ፖሊሶች ተባብረው በደቡብ ኢጣልያ በፑልያ እርሻዎች እንደ ባሪያ ታግተው ቲማቲም ይለቅሙ የነበሩ ከመቶ በላይ ፖላንዳውያን ነጻ አወጡ። ፖሊሶቹ ለዘመቻው ያወጡለት ስም «ተስፋይቱ ምድር» ነበር። በኢጣልያንኛ «ካፖራሊ» የሚባሉት የጉልበት ደላሎች ሥራ በከባድ ቅጣት እንዲከለከል የተደረገው ሕግ ተሻሽሎ የወጣውም ገና በ2016 ነው። እነዚህ ሰዎችም በኢጣልያ ባላገር ኑሯቸውን እንደገና ሊጀምሩ የመጡ ነበሩ።

ሲኒማ የፖሊስ መዝገብ እንዲሆን አንጠይቅም። የፓቬል ሠርግ ሲደገስ ግን ያን ቀን የሚከፈልለት ደስታ በማን ትከሻ ላይ እንደ ቆመ አንዲት ፍንጭ ብትሰጠን ፊልሙ ምን ይጎድልበት ነበር?

አሁን ወደ ቤቱ እንምጣ፤ ከሁሉ የከበደብን እርሱ ነው። ፊልሙ ብራማሶሌን የሚያሳየን ተዘግቶ የኖረ፣ አቧራ የወረሰው፣ ሰው የሚናፍቅ ቤት አድርጎ ነው። በዙሪያው ያለውን መሬት ማን ያርሰው እንደ ነበረ፣ ያረሱትስ ወዴት እንደ ሄዱ የሚጠይቅ አንድ ሰው በታሪኩ ውስጥ የለም። በቶስካና፣ በኡምብርያና በማርኬ ገጠር ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረው ሥርዓት «ሜዛድሪያ» ይባላል፤ በእኛ አነጋገር የእኩል አራሽ ሥርዓት ማለት ነው። መሬቱም ቤቱም የባለርስቱ ነው። ገበሬው ከነቤተ ሰቡ በተሰጠው ቤት ተቀምጦ ያርሳል፤ ምርቱን እኩል ይካፈላል፤ በየበዓሉም ዶሮውንና እንቁላሉን ይዞ ወደ ባለርስቱ ደጅ ይሄዳል። በብዙ ቦታ ልጁን ለመዳር እንኳ የባለርስቱን ፈቃድ መለመን ነበረበት። ዛሬ በፖስታ ካርድ ላይ የሚታየው፣ በኮረብታው ጫፍ ብቻውን ቆሞ በፈረንጅ ጥድ የታጀበው የድንጋይ ቤት የዚህ ገበሬ ቤት ነበር፤ ባለርስቱ በከተማ ወይም እንደ ብራማሶሌ ባለ ቪላ ይኖር ነበርና።

በ1951 በኢጣልያ ሥራ ካለው ሕዝብ መካከል ከመቶው ከ40 የሚበልጠው በእርሻ ይተዳደር ነበር፤ በ1971 ከመቶው 20 እንኳ አልሞላም። በሃያ ዓመት ጊዜ ውስጥ ያ ሁሉ ገበሬ ወደ ቶሪኖና ወደ ሚላኖ ፋብሪካ፣ ወደ ጀርመንም ወረደ። በ1964 አዲስ የእኩል አራሽ ውል እንዳይደረግ የሚከለክል ሕግ ወጣ፤ በ1982 የወጣው ደግሞ የቀረውን ውል ወደ ኪራይ እንዲለወጥ አደረገ። ገበሬው ግን ሕጉን አልጠበቀም፤ ውሃ በቧንቧ፣ ደመወዝ በወር ወደሚገኝበት አስቀድሞ ሄዷል። ቤቱን ጥሎ የወጣው ውበቱን ባለማየቱ ነው ብለን እንዳናስብ! ያንኑ ፀሐይ መቶ ዓመት በጀርባው ሲሸከም ኖሯል።

እንግሊዙ፣ ጀርመኑና አሜሪካኑ የገቡት ከዚህ በኋላ ነው። ቤቱን ርካሽ ያደረገው የገበሬው ስደት ነው። ይህ ነገር ዛሬም አላለቀም። በሲሲልያ የሳለሚ ከተማ በ2008 የተተዉ ቤቶቿን በአንድ ዩሮ ልሽጥ ብላ ተነሣች፤ በ2019 ደግሞ ሳምቡካ እንዲሁ ብላ ስሟ በዓለም ጋዜጣ ሁሉ ተጠራ። ገዢው ቤቱን በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ለማደስ ውል ይገባል፤ መያዣም ያስቀምጣል። ከንቲባዎቹን አንነቅፍም፤ ከተማቸው እየሞተችባቸው ነው። በኢጣልያ በ2008 ከ576 ሺሕ በላይ ሕፃናት ተወልደው ነበር፤ በ2023 የተወለዱት 380 ሺሕ አይሞሉም። ሕፃን የሌለበት መንደር ትምህርት ቤቱን ይዘጋል፤ ትምህርት ቤት የሌለበትን መንደር የቀሩት ወጣቶች ይተዉታል። ይህ የአንድ ሕዝብ ትልቅ ኀዘን ነው። የእርሱን ኀዘን የእኛ ኀዘን መጽናኛ አድርጎ በውብ ሙዚቃ ማቅረብ ግን ነውር አለበት እንላለን።

ይህን «ባዶ» የሚለውን ቃል እኛ ኢትዮጵያውያን በቀላሉ የማናልፈው ሌላም ምክንያት አለን። ከ1936 እስከ 1941 በቆየው በወረራው ዘመን (በእኛ አቆጣጠር ከ1928 እስከ 1933) የሮማ መንግሥት ለእነዚሁ መሬት ለሌላቸው ገበሬዎቹ «ኑሯችሁን እንደገና ጀምሩበት» ብሎ ያሳያቸው ባላገር የእኛ ባላገር ነበር። «የኢትዮጵያ ፑልያ»፣ «የኢትዮጵያ ሮማኛ» የሚባሉ የሠፈራ ድርጅቶች አቋቋመ፤ የቀድሞ ወታደሮቹም ድርጅት በሆለታና በቢሾፍቱ እርሻ ያዘ። በዚያን ጊዜም በሥዕሉ ላይ መሬቱ ባዶ ነበር። የመጡት ቤተ ሰቦች ጥቂቶች ነበሩ፤ አርበኞቻችንም መሬቱ ባለቤት ያለው መሆኑን በሚገባ አስረዱ። ፍራንሲስን ከወራሪ ጋር የምንቆጥር አይምሰላችሁ፤ እርሷ የገዛችው በገንዘቧ ነው፣ ያውም በውድ። ነገር ግን የሌላውን ሰው ባላገር ባዶ አድርጎ የሚያሳይ ሥዕል ሲቀርብልን «ሰዎቹስ?» ብለን መጠየቅ አባቶቻችን ያወረሱን ልማድ ነው።

ስለ መጽሐፉም አንድ ቃል እንናገር። ፊልሙ የተወሰደው ፍራንሲስ ሜይስ የተባሉት አሜሪካዊት ባለቅኔና የዩኒቨርሲቲ መምህርት በ1996 ካሳተሙት መጽሐፍ ነው። እርሳቸው እውነተኛውን ብራማሶሌ በ1990 ሲገዙ ብቻቸውን አልነበሩም፤ ኤድ የተባለው ወዳጃቸው፣ ኋላም ባላቸው፣ አብሯቸው ነበር። መጽሐፉ ስለ ድንጋይ፣ ስለ ጉድጓድ ውሃ፣ ስለ ወይራና ስለ ወጥ ቤት የሚናገር ትዕግሥተኛ መጽሐፍ ነው። ሲኒማው ኤድን ከመጀመሪያው አስወጣው፤ ሴቲቱን ብቻዋን አደረጋት፤ በፊልሙ መጨረሻ ደቂቃዎች ደግሞ ኤድ የሚባል አንድ አሜሪካዊ ደራሲ ድንገት በደጇ እንዲመጣ አደረገ። በእውነተኛው ታሪክ የሥራ ባልንጀራ የነበረው ሰው በፊልሙ ሽልማት ሆኖ መጣ ማለት ነው። ሁለት ሰዎች ተጋግዘው ያደሱትን ቤት የአንዲት ብቸኛ ሴት ምኞት አድርጎ መለወጥ ቀላል ነገር አይደለም፤ በዚህ ለውጥ ውስጥ ፊልሙ ስለ ኑሮ ያለው እምነት ሁሉ ይታያል።

ይህን ስንናገር ባልደረባችን አላስጨረሰችንም። «እናንተ ወንዶች ሂሳቡን ታያላችሁ» አለች። «እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ባሏ የተዋት ሴት አለቀላት ያልተባለበትን ታሪክ ሁለት ሰዓት ተቀምጬ አየሁ። ከተለያየሁ ወዲህ ይህን ያለኝ ሰው ማን ነው? እናቴ ታገሺ አለችኝ። ጎረቤቴ ምን አድርገሽው ነው አለችኝ። መሥሪያ ቤቱም የጋብቻ ሁኔታ የሚለውን ቅጽ እንደገና ሙዪ አለኝ።»

እውነቷን ነው። እኛም ከዚያው መሥሪያ ቤት ነን፤ ቅጹን ያቀበልናትም እኛው ሳንሆን አንቀርም። ፊልሙ ለእርሷ ያደረገላትን እኛ አላደረግንላትም፤ ስለዚህ በዚህ ነጥብ ፊልሙ ይረታናል። ከዚህም በላይ ፊልሙ አንድ መልካም ሐሳብ እንዳለው ልንመሰክር ይገባናል። ፍራንሲስ በዚያ ቤት ሠርግና ቤተ ሰብ እንዲኖር ትመኛለች፤ ሠርጉ የእርሷ ሳይሆን የፓቬል ሆኖ ይመጣል፤ ሕፃኑም የእርሷ ሳይሆን የወዳጇ ሆኖ ይመጣል፤ ደላላውም ምኞትሽ ተፈጸመ እኮ ይላታል። በሌላ ሰው ደስታ ውስጥ የራስን ቤት ማግኘት! ይህች ሐሳብ በየትኛውም ኪራይ ቤት ውስጥ ልትፈጸም ትችላለች፤ በአንድ ክፍል ቤት፣ በአንድ ረከቦት ዙሪያ። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ የመድኃኒቱ ስም ቪላ ነው ሲባል ቆይቶ በመጨረሻ ለአምስት ደቂቃ እንዲህ ያለ እውነት ቢነገር ግን ተመልካቹ ይዞት የሚሄደው ቪላውን ነው። ለዚህ ምስክራችን ራሷ ባልደረባችን ናት፤ ፊልሙ ሲያልቅ የተናገረችው ስለ ድርሻዋ ገንዘብ ነበርና።

በኢጣልያ ባላገር ኑሮዋን እንደገና የጀመረች ሴት ታሪክ ካስፈለገን ግን ርቀን መፈለግ የለብንም። አጊቱ ኢዴኦ ጉደታ በ1978 በአዲስ አበባ ተወለደች። ወጣት ሳለች በሰሜን ኢጣልያ በትሬንቶ ከተማ ሶሲዮሎጂ ተምራ ወደ አገሯ ተመልሳ ነበር። የገበሬው መሬት ለትላልቅ ኩባንያዎች መሰጠቱን በመቃወሟ ለሕይወቷ ስትሠጋ በ2010 እንደገና ወደዚያው አገር ሸሸች። በእጇ የቤት ድርሻ አልነበረም። ከትሬንቶ በላይ የሞኬኒ ሸለቆ የሚባል፣ የራሱ ጥንታዊ የጀርመንኛ አነጋገር ያለው ተራራማ ቦታ አለ። በዚያም ገበሬው የተወው፣ ቁጥቋጦ የበላው ግጦሽ አገኘች። ያንን ቦታ ይዛ የሸለቆው ተወላጅ የሆነችውን፣ ዘሯ ሊጠፋ የተቃረበውን «ፔዛታ ሞኬና» የምትባል ዝንጉርጉር ፍየል ማርባት ጀመረች። በ15 ፍየሎች ጀምራ ወደ 180 አደረሰቻቸው። የግጦሹም ቦታ 11 ሄክታር ያህል ሆነ። ድርጅቷን «ደስተኛዋ ፍየል» ብላ ሰየመችው፤ አይቡንና እርጎውን በትሬንቶ ገበያ ትሸጥ ነበር።

እዚህ ላይ እንቆይ። የፍየል እርባታ እንደ ቤት ግዢ በአንድ ቀን ፊርማ አይፈጸምም። ፍየል በዓልም ቢሆን ኀዘንም ቢሆን ትታለባለች። በወሊድ ወራት እረኛ እንቅልፍ የለውም። በትሬንቲኖ ተራራ ድብ አለ፤ በረዶውም ሲወርድ ድርቆሽ ቀደም ብሎ ካልተከማቸ መንጋው አለቀ ማለት ነው። የፍየል ጥበቃን ከአያቷ እንደ ተማረች አጊቱ ትናገር ነበር፤ እንግዲህ ያ ዕውቀት ከእኛ አገር ተራራ ተነሥቶ በአልፕስ ሥር የአንዲት የፈረንጅ ፍየል ዘር ከመጥፋት ሲያድን አየን። የሸለቆው ሰዎች ጥለውት የሄዱትን ሥራ ነው የያዘችላቸው። ብዙዎቹም ወደዷት። ሁሉም ግን አልወደዷትም፤ ከጎረቤቶቿ አንዱ በቆዳዋ ምክንያት ሰደባት፣ አስፈራራት፣ ነገሩም ፍርድ ቤት ደረሰ። እርሷ በበኩሏ በስደት የመጡ ወጣቶችን አስጠግታ ታሠራ ነበር።

በታኅሣሥ 29 ቀን 2020፣ 43 ዓመት ሊሞላት ሦስት ቀን ሲቀር፣ ፍራሲሎንጎ በምትባለው መንደር በገዛ ቤቷ ተገድላ ተገኘች። ገዳይዋ ፍየሎቿን ይጠብቅ የነበረ ከጋና የመጣ ስደተኛ ሲሆን፣ የጠቡ ምክንያት ያልተከፈለ ደመወዝ እንደ ነበረ ተናገረ። ይህን ታሪክ ስንጽፍ ለክርክራችን የሚስማማውን ብቻ መርጠን መጨረሻውን ልንተወው እንችል ነበር። አልተውነውም። ደመወዝ የሚባለው ነገር፣ ያ ፊልም በብራማሶሌ ግቢ አንድ ጊዜ እንኳ በከባዱ ያላነሣው ነገር፣ በእውነተኛው ባላገር ውስጥ ከሰው ሕይወት ጋር የተያያዘ ነው፤ የአሠሪዋ ደግነትም ብቻውን አይፈታውም። ከሞተች በኋላ ፍየሎቹ ክረምቱን እንዲወጡ ጎረቤቶችና አንዲት የዚያው አካባቢ ወጣት እረኛ ተረከቧቸው። ፍየሎቹ መታለብ ነበረባቸውና።

አንባቢ ሆይ፣ በፊልሙ መጀመሪያ አውቶቡሱን ያስቆመውን የበግ መንጋ እናስታውስ። ያ መንጋ ባይመጣ ፍራንሲስ ባልወረደች፣ ቤቱም ባልተገዛ ነበር፤ ታሪኩ ሁሉ በመንጋው ላይ የቆመ ነው። መንጋው የማን እንደ ሆነ፣ ወዴት ይነዳ እንደ ነበረ ግን ፊልሙ አይነግረንም። እኛ ፊልሙን ሁለተኛ ስናየው ዓይናችን ከፍራንሲስ ተነሥቶ ከመንጋው ጋር ሄደ።

ይህን ሁሉ ለባልደረባችን ነግረናታል። የአጊቱን ታሪክ ስትሰማ ብዙ ዝም አለች፤ ከዚያም «ታዲያ ፍራንሲስ ፍየል ስላላረባች ልትኰነን ነው?» ብላ ጠየቀችን። አልተስማማችም፤ አሁንም አልተስማማችም። ገንዘቧም በባንክ እንደ ተቀመጠ ነው፤ ምን ልታደርግበት እንዳሰበች አልጠየቅናትም፣ የእርሷ ነውና። መልሷን በጽሑፍ እንድታቀርብ ግን ለምነናት እሺ ብላለች። የመጽሔቱ አዘጋጅም ለሚመጣው ወር ሁለት ገጽ ሊለቅላት ቃል ገብቷል፤ እርሷ ሁለት ገጽ አይበቃኝም ትላለች።